ለኮምፒውተሩ ማን ይንገረው?

አባታችን ሲሞት ለሦስት ልጆች የተወልን ነገር ብዙ አይደለም። ጊንጆ ጉዱሩ ውስጥ ያለው ቤት፣ ማና በኩል ጥቂት እግር ቡና እና አንዲት ነጭ ዲኤክስ። ቤቱ የእናታችን ነው ብለን ነገሩን ዘጋነው። ቡናው ላይም ብዙ አልተከራከርንም። ዲኤክሷ ላይ ስንደርስ ግን ሦስታችንም ዝም አልን። ታናሽ ወንድሜ ያኔም አሜሪካ ነበር፤ በስልክ "መኪናዋን እንዳትሸጧት!" አለና አለቀሰ። ለአባቱ እንዲህ ሲያለቅስ አልሰማሁትም። (ይቅር ይበለኝ፣ ይህን ያልኩት ለወሬ ማጣፈጫ ነው፤ ለአባቱም አልቅሷል።)

መቼም ዲኤክስን አላውቅም የሚል አንባቢ አይኖርም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ያቀረበው አራተኛው የኮሮላ ትውልድ ነው። እኛ አገር የማዕረግ ስም ይመስል "ዲኤክስ" ብለን አስቀረነው። ቀለም ቀባነው፣ ወንበሩን በቆዳ አለበስነው፣ ሰፊ ጎማ አጠለቅንለት፣ ሞተሩን ነቅለን ሌላ ሞተር ሰጠነው። ምን እናድርግ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ እጃችን ላይ ላለችው አሮጊት ዕድሜ እንዲሰጣት መጸለይና መጠገን ነው።

በአባቴ ዘመን ዲኤክሷ ካርቡራተር ነበራት፤ ካርቡራተሯን የሚነካው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከእኛ ቤት አምስት በር አለፍ ብሎ የቆርቆሮ ጋራዥ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ "ዶክተሩ" ይላቸዋል። ይህን ስም ያገኙት በምርመራቸው ነው፤ ካቻቢቴያቸውን ሞተሩ ላይ ደግፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከዚያ "ሦስተኛው ያስነጥሰዋል" ይላሉ። ሦስተኛው ካንዴላ ሲፈታ ጠቁሮ ይገኛል።

አባቴ የሳቸውን ሙያ ሲያስረዳኝ በከፍታ ይጀምር ነበር። ባሕር ጠረፍ ላይ ተስተካክሎ የተሠራ ካርቡራተር ጅማ ሲመጣ ግራ ይገባዋል። ጅማ ከባሕር ወለል 1,750 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። አዲስ አበባ ሲደረስ ጉድለቱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ቤንዚን በደንብ እንዲነድ አንዱን ኪሎ በ14.7 ኪሎ አየር ማጋባት ያስፈልጋል። ካርቡራተር ይህን ሁሉ ስሌት አያውቅም፤ የለመደውን ያህል ቤንዚን ይሰጣል። አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ሲበዛ ጭስ ነው። ዶክተሩ ታዲያ የጅማን አየር በጆሯቸው ያውቁታል። ብሎኗን ሩብ ዙር ይጠመዝዛሉ፣ ሚኒሞዋን ያስይዛሉ፣ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጉና "ሂድ" ይላሉ። ገንዘብ ሲሰጧቸው አይቆጥሩም።

አባቴ ከሞተ በኋላ መኪናዋን የተረከበው የእህቴ ልጅ ነው። ቴክኒክና ሙያ በአውቶሞቲቭ የተመረቀ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስልኩ ላይ የሞተር ቪዲዮ ሲያይ የሚያድር፣ እጁ ወርቅ የሆነ ልጅ። ዲኤክሷን እሱ ኮንትራት እየሠራባት አጋሮና ሰቃ ያመላልስ ነበር፤ የእህቴ ቤት የሚተዳደረው በዚያ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት "አጎቴ፣ ይህን ካርቡራተር እንገላገለው" አለኝ። ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዶ ከተጋጨች ኮሮላ የወጣ 5ኤ ሞተር ከነሽቦው፣ ከነኮምፒውተር ቦክሱ ገዝቶ መጣ። የሞተር ቁጥሩን ሊብሬው ላይ አስቀየርን። መኪናዋ ወጣት ሆነች። ጠዋት ሲያስነሷት አትለምንም፤ ገና ቁልፉ ሲነካ ትነሳለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፤ ኋላ ለሚመጣው ነገር ያስፈልገናል። በካርቡራተሩ ፈንታ እያንዳንዱ ሲሊንደር አፍ ላይ አንድ ኢንጀክተር አለ። ኢንጀክተር ማለት በኤሌክትሪክ የምትከፈትና የምትዘጋ ጥቃቅን ቀዳዳ ያላት ቧንቧ ናት። ኮምፒውተሩ ሞተሩ በሚስበው አየር ግፊት፣ በዙሩ ብዛትና በሙቀቱ ላይ ተመሥርቶ "ለሁለት ሚሊሰከንድ ክፈቺ፣ ለአምስት ክፈቺ" እያለ ያዛታል። ልብ በሉልኝ! ኮምፒውተሩ የሚያዘው ጊዜን ነው። ቤንዚኑን ራሱን አይለካም። ኢንጀክተሯ በደቂቃ ስንት ሲሲ እንደምታፈስ ፋብሪካው አንድ ጊዜ ነግሮታል፤ እሱም አምኖ ይኖራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የጀርመኑ ቦሽ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የቤንዚን ኢንጀክሽን ቮልስዋገን ላይ የገጠመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። አየሩን የሚለካ ሴንሰር ስላለው የጅማና የአዲስ አበባ ልዩነት አያስጨንቀውም። ሩብ ዙር የሚጠመዘዝ ብሎን አያስፈልግም።

እናም ዶክተሩ አያስፈልጉም።

እንዲህ ብዬ አልተናገርኩም፤ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በአፉ አይናገርም። ዝም ብሎ በራቸው ላይ ያልፋል። የመጀመሪያ ሰሞን መስኮት አውርጄ "እንደምን አደሩ" እል ነበር። ቀጥሎ በእጄ፣ ከዚያ በክላክስ። ክላክስ ሰላምታ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። ወንድሜ ደግ ነው። ደግነቱ ግን ሻንጣ ይወዳል። አሜሪካ ከሄደ ጀምሮ የላከልንን ዕቃ ብቆጥር ይህ ገጽ አይበቃም። አንድ ጊዜ ለእናታችን የቡና ማፍያ ማሽን ላከላት። ቡና ሲያፈላ የኖረ ቤት፣ ቡናው ከጓሮ፣ ከተማው ጅማ! እሺ፣ የልጅ ነገር ነው ብለን ሶኬት ላይ ሰካነው። ለካ ማሽኑ በ110 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220። ውሃው ሳይፈላ ማሽኑ ራሱ ፈላ። ለእሱ ግን "በጣም ጥሩ ነው፣ በየቀኑ ነው የምንጠጣበት" አልነው። ምን ማለት ነበረብን? የእናታችንን መድኃኒት የሚገዛው እሱ ነው። የሚላክ ገንዘብ ባለበት ቤት እውነት እየቀለለች የምትሄድ ይመስለኛል፤ ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም።

ባለፈው ክረምት ታዲያ አንድ ከዚያ የመጣ ሰው ትንሽ ሳጥን አደረሰልን። ውስጧ አራት ኢንጀክተሮች፣ እንደ ጌጥ የሚያብለጨልጩ። ወንድሜ በስልክ "የተርቦ ሞተር ናቸው፤ በደቂቃ 440 ሲሲ! ያቺን መኪና ግጠሙላትና ጅማ ትይሽ!" አለ። የእኛዎቹ 200 ገደማ ናቸው። የእህቴ ልጅ ሳጥኗን ሲከፍት ፊቱ እንደ መስቀል ደመራ በራ። ደስታው ግን ቶሎ በረደ። "አጎቴ፣ እነዚህ ኮምፒውተሩ ካልተነገረው አይሠሩም" አለኝ።

"ቀዳዳው ይገጥማል?" አልኩት።

"ቀዳዳውስ ይገጥማል።"

"ታዲያ ግጠማቸው!"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እኋላ ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ላይ የለጠፍኩት ሰውዬ ማለት ነው።

ልጁ ያለኝ ነገር ትክክል ነበር። ኮምፒውተሩ "ለሦስት ሚሊሰከንድ ክፈቺ" ሲል 200 የምታፈሰዋን እያሰበ ነው፤ በቦታዋ ያለችው ግን በዚያው ጊዜ ከእጥፍ በላይ ታፈሳለች። የጭስ ማውጫው ላይ የኦክስጅን ሴንሰር አለ፤ "በዛ፣ ቀንስ" ብሎ ይጮኻል። ኮምፒውተሩ ይሰማዋል፣ ይቀንሳል። ግን ሥልጣኑ የተወሰነ ነው። በአብዛኛው ሩብ ያህል ካስተካከለ በኋላ ቢጫዋን መብራት አብርቶ እጁን ይሰጣል። እኛ ደግሞ ከግማሽ በላይ እንዲቀንስልን ነበር የምንፈልገው።

ትክክለኛው መንገድ ይታወቃል። ስሌቱ እንደገና የሚጻፍበት ኮምፒውተር ይገጠማል። የኢንጀክተሯ መጠን ይነገረዋል። ታዛ እስክትከፈት የምትዘገያት ሽርፍራፊ ጊዜ፣ እሷም ባትሪው ሲደክም እንደምትረዝም፣ ይነገረዋል። ከዚያ መኪናዋ እየተነዳች፣ ጭሱ እየተለካ፣ ሰንጠረዡ አንድ በአንድ ይታረማል። ውጭ አገር መኪና የሚያሻሽሉ ሰዎች አብዛኛውን ገንዘባቸውን የሚያወጡት ለዚህ ነው። ኢንጀክተሩ ራሱ ርካሹ ዕቃ ነው። የእኛ ኮምፒውተር ግን በ1990ዎቹ የፈረንጅ ዘመን የተሠራ ነው፤ ላፕቶፕ ሰክተው የሚያርሙት ዓይነት አይደለም። ወንድሜ "ኮምፒውተሩን በሚቀጥለው ሰው እልካለሁ" አለ። የሚቀጥለው ሰው መጣ፤ ያመጣው ሽቶ ነው።

ልጁ እስከዚያው ኢንጀክተሮቹን ገጠማቸው። ዲኤክሷ ጥቁር ጭስ ለቀቀች፤ የጎረቤት ልብስ ከገመድ ላይ ተሰበሰበ። ካንዴላዎቹ በሳምንት ተዘጉ። የሞተር ዘይቱ መለኪያ ሲወጣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ነዳጅ ለመቅዳት ግማሽ ቀን በምንሰለፍበት ከተማ እጥፍ ትጠጣ ጀመር። ልጁ የነዳጁን ግፊት ቀንሶ ሞከረ፤ ፍሰቱን በግማሽ ለመቀነስ ግፊቱን ወደ ሩቡ ማውረድ ስለሚያስፈልግ ኢንጀክተሯ መርጨቷን ትታ ማንጠባጠብ ጀመረች። ያኔ ነው ያቺን ነገር ያደረጋት።

የአየር ግፊቱን ለኮምፒውተሩ የምታሳውቅ አንዲት ሽቦ አለች። ልጁ ከተበላሸ ሬዲዮ የድምፅ መቆጣጠሪያ ነቅሎ መሐሏ ላይ አስገባ። ቁልፏን ሲያዞራት ሴንሰሩ "ብዙ አየር ገባ" ሲል ኮምፒውተሩ "ትንሽ አየር ገባ" ተብሎ ይሰማል። ትንሽ አየር ከሆነ ትንሽ ቤንዚን ይበቃል ብሎ ኢንጀክተሩን ቶሎ ይዘጋል። ጭሱ ጠፋ! ቢጫዋ መብራት ጠፋች! ሚኒሞዋ እንደ ሰዓት። መሪው ሥር የተለጠፈችውን ጥቁር ቁልፍ እንግዳ ሲመጣ እናሳይ ነበር። እኔ በተለይ፣ እንደ ገባኝ ሁሉ፣ "ኮምፒውተሩን ሸወድነው" እያልኩ አወራለሁ።

አሁን እንደተረዳሁት ያ ቁጥር የሚሄደው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ከሚወስንበት አየር ላይ ተነሥቶ ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥም ይወስናል። ጭነት ሲቀል ቃጠሎው ስለሚዘገይ እሳቱን ቀደም ያደርጋል፤ ጭነት ሲከብድ ያዘገያል። እኛ ደግሞ ዳገት ላይ አራት ሰው ጭና "ቀላል ነው፣ ሜዳ ላይ ነን" እያልን እንነግረዋለን። እሱም አምኖ እሳቱን ቀደም ያደርጋል። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየሮጠ ሳለ ፍንዳታው ከላይ ይጠብቀዋል። የእኛ ሞተር ይህን መንኳኳት የሚሰማ ሴንሰር አልነበረውም። ጆሮ ያለው ከአምስት በር ወዲያ ነው።

ኅዳር ላይ እናታችንን የዓይን ሞራ ልናስነሣላት አዲስ አበባ ወሰድናት። እዚሁ ጅማ ይሠራ ነበር፤ ወንድሜ ግን "አዲስ አበባ ካልሆነ" ብሎ ድርቅ አለ። ከፋዩ እሱ ነው። እናቴና እህቴ በአውቶቡስ ቀደሙ፤ እኔና ልጁ ሁለታችን ብቻ በሌሊት በዲኤክሷ ተከተልን። መንገዱን ሁሉ እንደ ቅቤ ሄደች። ስንመለስ ግን አራት ሰው ሆንን። ቱሉ ቦሎ ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ ጫንን፤ በዚያ በኩል አልፎ የበቾን ጤፍ አለመግዛት ነውር ስለሆነ ነው። ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ ስንወርድ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች።

የጊቤን ቁልቁለት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ወንዙ ያለው ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ይመታል። ዝቅ ሲባል አየሩ ይወፍራል፤ ሞተሩ ጅማ ላይ ከለመደው የበለጠ ይስባል። ያቺ የሬዲዮ ቁልፍ ግን ጅማ ላይ በተዞረችበት ቆማለች። ድልድዩን ተሻግረን ወደ አበልቲ መውጣት ስንጀምር ልጁ ማርሽ ቀነሰና ነዳጅ ረገጠ።

እናቴ ከኋላ አንድ ዓይኗ ታሽጎ እህቴ ትከሻ ላይ ተደግፋ ነበር። ቀና አለችና "ቡና የሚቆላው ማነው?" አለች።

ሁላችንም ሰማነው። ብረት ምጣድ ላይ ቡና ሲንጣጣ የሚሰማው ድምፅ፣ ጠሽ ጠሽ ጠሽ። ልጁ ፊቱ ተለወጠ። እጁን መሪው ሥር ሰድዶ ቁልፏን አዞራት፤ ጥቁር ጭስ ከኋላ ወጣ፣ ድምፁ ግን አልቆመም። ቀጥሎ አንድ ሌላ ድምፅ መጣ። ጠንካራ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ሰማያዊ ጭስ። ዳገቱ ላይ ቆምን። ከኋላችን የመጣ ከባድ መኪና ለጥቂት ነው ያለፈን፤ የጥሩምባው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልጁ ወርዶ ድንጋይ ጎማው ሥር ሲያደርግ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ ፀሐይ እንዳይነካት ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣል አድርጋ "ተረፍን አይደል? ታዲያ ምን ሆናችሁ ዝም አላችሁ?" ትላለች። እኔ ምን አልኩ? ልጁን ሰደብኩት። እናቱ ፊት፣ መንገድ ላይ። "በመጫወቻህ ልትጨርሰን!" አልኩት። አልመለሰልኝም። "ግጠማቸው ያልከኝ አንተ አይደለህም ወይ?" ማለት ይችል ነበር።

የጎተተን አንድ ዲ ፎር ዲ ፒክአፕ ነው፤ ቡና ሊጭን ባዶውን ወደ ሊሙ የሚሄድ። ሾፌሩ የእኛን ነገር ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀና የራሱን አጫወተን። የሱ ናፍጣ ሞተር ኢንጀክተሮች አንዷ ተበላሽታበት መርካቶ ሌላ ገዝቶ አስገጠመ። ዓይነቷ አንድ፣ ፋብሪካዋ አንድ። መኪናው ግን ይንዘፈዘፋል፣ ያጨሳል። ሁለት ጋራዥ ዞሮ መፍትሔ አጣ። በመጨረሻ ላፕቶፕ ያለው አንድ ልጅ መጥቶ ኢንጀክተሯ ራስ ላይ የተጻፉትን 30 ፊደልና ቁጥሮች አንድ በአንድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ጻፈለት፤ መኪናው ረጋ። ለካ በዚያ ሞተር ውስጥ ነዳጁ ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚረጭ፣ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ኢንጀክተሮች እንኳ እኩል አያፈሱም። ፋብሪካው እያንዳንዷን ለክቶ ጠባይዋን በኮድ ይጽፍባታል። ሾፌሩ "የልደት ካርዷ ነው፤ ካላስመዘገብካት አያውቃትም" አለን። የእህቴ ልጅ ከንፈሩን ነክሶ ያዳምጣል። ይህን ሁሉ እኮ ያውቃል። መጀመሪያም ነግሮኝ ነበር።

ጅማ ስንደርስ መሽቷል። ሾፌሩ "የት ላድርሳችሁ?" አለ። ልጁ አየኝ። "ዶክተሩ ጋ" አልኩ።

በነጋታው ቴስታታው ሲወርድ ሁለተኛው ፒስተን የፋሻው ማቀፊያ ተሰብሮ የሲሊንደሩን ግድግዳ ፍቆታል። ዶክተሩ ስባሪውን መዳፋቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ልጁ ስለ ኢንጀክተሮቹ፣ ስለ ሽቦዋ፣ ስለ ሬዲዮዋ ቁልፍ አስረዳቸው። ኮምፒውተር አላውቅም ብለው ይሸሻሉ ብዬ ነበር። አልሸሹም፤ እያንዳንዱን ነገር ጠየቁ። ምን ይበላል? ማን ይነግረዋል? ካልነገሩትስ? ሲጨርስ፣

"እና ዋሸኸው" አሉት።

"አስተካከልኩት እንጂ፣ ጋሼ። ጭሱ እኮ ጠፍቶ ነበር።"

"ዋሸኸው፣ ኢልማኮ። እኔ ብሎኗን ስጠመዝዝ አየሩ ይህ ነው ብዬ ነው። አንተ አየሩ ያልሆነውን ነው ብለህ ነገርከው። ጭሱ መጥፋቱማ ነው ክፋቱ። ቢያጨስ ኖሮ ትቆም ነበር።"

ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔ ጣልቃ ገብቼ "መቼም የሳቸውን ጆሮ የሚያህል የለም፤ ቀድመን ብናሳያቸው ኖሮ..." ብዬ ነገሩን ላለሳልስ ሞከርኩ። ዶክተሩ ቀና ብለው አዩኝ።

"እኔማ ከመስከረም ጀምሮ እየሰማሁት ነው" አሉ።

"ምኑን?"

"ማንኳኳቷን። ማታ ሰው ጭኖ ይቺን አቀበት ሲወጣ። መተኛዬ እዚህ ነው።" የቆርቆሮውን ግድግዳ በአውራ ጣታቸው አሳዩኝ።

"ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?"

መልስ ለመስጠት አልቸኮሉም። ጨርቅ አንሥተው እጃቸውን ጠረጉ። "አባትህ በዚህ በር ሳይገባ አያልፍም ነበር። መኪናዋ ባትታመምም ይገባል፤ ሻይ ጠጥተን ይሄዳል። አንተ በክላክስ ታልፋለህ። ጥሩምባ ለሚነፋ ሰው ሮጬ ልንገረው?"

ቆሜ ቀረሁ። እናቴን ይዤ የወጣሁበትን ዳገት አሰብኩ። እሳቸውም አስበውት ነበር መሰለኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ "እናትህ እንደምትሄድባት ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር። ይህን ግን አላወቅሁም" አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ አላወራንም። አሁን ሳስበው እሳቸውም ጥፋት ነበረባቸው እላለሁ፤ ኩራት ሰው የሚገድልበት ጊዜ አለ። የኔ ግን ይበልጣል። እሳቸው ዝም ያሉት ቤታቸው ተቀምጠው ነው።

ፒስተኑ፣ ፋሻው፣ የተርኖ ሥራው፣ ብዙ ገንዘብ ወጣ። ልጁ ላፕቶፑን ሸጠ። "ተወው፣ እኔ እችላለሁ" አላልኩትም፤ ደመወዜ አይችልም ነበርና። ሦስት ሳምንት ኮንትራት ሳይሠራ ቀረ። እህቴ በነዚያ ሳምንታት ቤቴ ስትመጣ ስለ መኪናዋ አንሥታ አታውቅም፤ ሽሮ ተበድራ ነው የምትሄደው። ዶክተሩ የእጃቸውን አልጠየቁም። ልጁን ግን በየቀኑ ይጠሩታል። እሱ ድሮ ፈትቶ ያስቀመጣቸውን አሮጌ ኢንጀክተሮች አጥበው፣ አራቱንም በአንድ ጊዜ መስታወት ብርጭቆ ውስጥ እንዲረጩ አድርገው፣ የትኛዋ ብዙ የትኛዋ ጥቂት እንዳፈሰች በመስመር ለኩ። እሳቸው ብርጭቆውን ይይዛሉ፣ ልጁ ባትሪውን ይነካል። ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ብርጭቆው ላይ ያፈጣሉ። አንድ ቀን በአጥሩ አሾልቄ ሳያቸው የቡና ጥራት የሚቀምሱ ሰዎች መሰሉኝ።

ዲኤክሷ ተነሣች። በፊት የነበራትን ያህል ትሄዳለች፣ በፊት የጠጣችውን ያህል ትጠጣለች። የሬዲዮዋ ቁልፍ ዶክተሩ ጋራዥ ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅላለች። 440ዎቹ በሳጥናቸው ሆነው ብፌው ላይ፣ ከተቃጠለው የቡና ማሽን አጠገብ ተቀምጠዋል።

የገና ሰሞን ወንድሜ በቪዲዮ ደወለ። እናታችን መሐል ላይ ተቀምጣ በሁለቱም ዓይኗ አየችውና "ከስተሃል" አለችው። እሱ ስለ ቀዶ ሕክምናው ጠየቀ፣ ስለ ቡናው ጠየቀ። ከዚያ የጠበቅሁት መጣ።

"መኪናዋስ? ኢንጀክተሮቹ እንዴት ናቸው?"

የእህቴ ልጅ ከክፍሉ ጥግ አየኝ። እህቴም አየችኝ። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የተከፈለውን የሆስፒታል ገንዘብ አሰብኩ፣ የሚቀጥለውን ወር መድኃኒት አሰብኩ። ሰውዬው ደግሞ ስልኩ ውስጥ እንደ ሕፃን ጓጉቶ ይጠብቃል።

"እሳት ናት!" አልኩት።

"አላልኩህም!" ብሎ ዘለለ። "እንግዲያው ስማኝ፣ አንድ ያገለገለ ተርቦ አግኝቻለሁ። ለፋሲካ የሚመጣ ሰው አለ።"

ማንም ምንም አላለም። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

"እሱስ ልጄ" አለችው፣ "በስንት ቮልት ነው የሚሠራው?"